ሲያረጁ አምባር ይዋጁ

(ጎንደር ከተማ ውስጥ ለአረጋውያንና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ሥራ ላወራችሁ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ተሰብስበው፣ ከገዛ ሕይወታቸው ተነስተው፣ ጭፈራና ቴአትር ያለበት ትርዒት ይሠራሉ። ሥራው የሰፈር ነው። የሚሠሩት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ የሚያየውም የሰፈር ሰው ነው። እዚሁ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ካለ ስብስብ ጋር እየሠራሁ ስለሆነ፣ የምናገረው ካየሁት ነው።

ለትልቅ ሰው «ኑ፣ ቴአትር እንሥራ» ስትሉ መጀመሪያ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ይሉናል።» እናቶችም ይሉታል፣ አባቶችም ይሉታል። ልጆቻቸው ባይናገሩትም ፊታቸው ላይ ይነበባል። እማዬ መድረክ ላይ ወጥታ ትከሻዋን ልትነቀንቅ ነው? ሰው ምን ይላል?

እኔ ይህን ተረት አልወደውም። አሮጊቷ አምባር ብትገዛ ማን ምን ጎደለበት? ገንዘቡ የራሷ፣ ክንዱም የራሷ ነው።

እውነት ለመናገር ትልቅ ሰው እናከብራለን። ሲገቡ ብድግ እንላለን። ወንበር እንለቃለን። ሠርግ ላይ ከፊት እናስቀምጣቸዋለን፤ ምርቃት እንቀበላለን። ጸብ ሲነሳ ሽማግሌ እንልካለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ግን አስተውሉ። የምንሰጠው ክብር ሁሉ ተቀምጠው የሚቀበሉት ነው። ሙዚቃው ሲሞቅ እናት ወንበራቸው ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ። ድንገት ከተነሱ ደግሞ ስልክ ይወጣል። እልል ይባላል፣ ይሳቃል፣ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይዞራል። ከዚያ «አይደክሙ፣ ይቀመጡ» ተብለው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ምን ለማለት ፈልገው እንደተነሱ ግን የጠየቃቸው የለም።

የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። ሥራውን እንስጣቸው። የሚባለውን እነሱ ይወስኑ፣ እነሱ ይጨፍሩት፣ እነሱ ይተውኑት። እኛ እናግዝ፣ ከዚያም ቁጭ ብለን እንይ።

ጎንደር ደግሞ ይህ ነገር ባዕድ የሚሆንባት ከተማ አይደለችም። በአታን አስቡ። አቋቋም ለማስመስከር ከየአገሩ ተማሪ የሚመጣበት ደብር ነው። በክብረ በዓል ሌሊት ከፊት የሚቆመው ማን ነው? ጸጉራቸው የነጣ መሪጌቶች ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ይጀምራሉ። ዜማው ቀስ ይላል፤ ሰውነታቸው ወዲህና ወዲያ ይላል። ጸናጽሉ ይገባል፣ ከበሮው ይከተላል፣ ቀስ በቀስ ይሞቃል። ሰዓታት ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ «ሲያረጁ» የሚል ሰው የለም። እንዲያውም ዕድሜ የገፋው ሊቅ ነው የሚመራው።

ይህን ስል አቋቋም ለትርዒት ይውጣ ማለቴ አይደለም። ስብስባችን ውስጥ በልጅነታቸው ቤተ ክህነት የተማሩ አባት አሉ። ገና ከመነሻው «እሱ ጸሎት ነው፤ መድረክ ላይ አናወጣውም» አሉ፤ ሁላችንም ተስማማን። አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩት ሙስሊም እናቶቻችንም ስለ መንዙማ ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ፤ እሱም ተከበረ። ከአቋቋም የወሰድነው አካሄዱን ብቻ ነው። በዝግታ መጀመር። ምርኩዝ ይዞ መጀመር። ሰውነት ሲሞቅ ብቻ መፍጠን። ለሰባ ዓመት ጉልበት ከዚህ የተሻለ ማሟሟቂያ አላውቅም።

ለቅሶ ቤትም ሂዱ። ሙሾ የሚያወርዱት ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። የሟቹን ስም፣ ሥራውን፣ የተወውን ሰው አገናኝተው እዚያው በዚያው ይገጥማሉ። ድምፃቸው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እጃቸው ይናገራል። ቆሞ የሚሰማው ሁሉ ይከተላቸዋል። ግጥም ካላችሁ ይሄ ግጥም ነው። ትወና ካላችሁም ይሄው ነው። እንደነዚህ ያሉ እናቶች ቴአትር አይችሉም የሚለኝ ሰው ካለ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም ማለት ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ። የዛሬ አረጋውያን የትናንት የኪነት ልጆች ናቸው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ክፍለ ሀገሩም የየራሱ ነበረው፤ ወሎ ላሊበላ ኪነት፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ ኪነት፣ ጎንደር ፋሲለደስ ኪነት። በ1972 ዓ.ም. ቀበሌ መድረክ ላይ እስክስታ የወረደች የ18 ዓመት ልጅ ዛሬ ስልሳዎቹን አጋምሳለች። ልምምድ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ተራ መጠበቅን፣ እግር የመቁጠርን ነገር ታውቃለች። ሰውነት ይህን ቶሎ አይረሳም።

ያኔ ግን መድረኩ ላይ የሚባለው ከላይ ይመጣ ነበር። መፈክሩም ግጥሙም የተወሰነ ነው። ይህ ልማድ ልምምዳችን ላይ ታይቷል። አንዲት የቀድሞ የኪነት አባል ሲመጡ «ምን እንበል?» ብለው ይጠብቁ ነበር። «እርስዎ ምን ይላሉ?» ስንላቸው ይጨንቃቸዋል። ብዙ ቆይተው ነው የለመዱት። አሁን ግን ማንም ነገር አሳምሮ ሲተርክ «ውሸት ነው፤ እንደሱ አልነበረም» ብለው የሚያርሙት እሳቸው ናቸው። ጭፈራቸው ከድሮም ግሩም ነበር። ይህ እርማት ግን አዲስ ነው፤ እኔን የሚያስደስተኝም እሱ ነው።

እስኪ አሁን ልምምዱን በቅርብ ላሳያችሁ።

ቀድሞ የተጻፈ ድርሰት የለንም። የምንጀምረው በጥያቄ ነው። አንዱ ጥያቄ ይህ ነበር፤ «እጅዎ በሕይወት ዘመንዎ አብዝቶ የሠራው ምንድን ነው?» ገጠር ያደጉት እናቶች ሳያስቡ መለሱ። ወፍጮ! የሞተር ወፍጮ አጠገባቸው ሳይመጣ እህሉን በመጅ የፈጩ እጆች ናቸው። አንዷ እናት ተነሱና ከፊታቸው ያለውን ወንበር መደገፊያ ያዙ። ወገባቸውን ሰበር አደረጉ። ከዚያ መደገፊያውን ለቀው ሁለት እጃቸውን አጣመሩና ወደ ፊት ገፉ። መለሱ። ገፉ፤ መለሱ። ሲገፉ ትንፋሽ ያወጣሉ፤ ሲመልሱ ያስገባሉ። ትንፋሹ ራሱ ምት ሆነ። አጠገባቸው ያሉት ተነሱ። መነሳት ያልቻሉት ተቀምጠው ጀመሩ። ከመካከል አንደኛዋ ሌሊት ሲፈጩ ያንጎራጉሩት የነበረውን ቀስ ብለው አነሱት። ዜማውን እንጂ ቃሉን በሙሉ አላስታወሱም፤ ሌላዋ ሞሉላቸው።

እንቅስቃሴው እየፈጠነ ሲሄድ ግፊቱ ከክንድ ወደ ትከሻ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ እስክስታ ላይ ነበር። እስክስታ ከወፍጮ መጣ ማለቴ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ከወፍጮው ወደ እስክስታው የሚወስደው መንገድ አጭር ነበር። የትርዒታችን መክፈቻ ይኸው ሆነ። ማንም ባለሙያ ተቀምጦ ቢያስብ አያመጣውም።

የእስክስታን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የእኛ አገር ጭፈራ ለትልቅ ሰው የተመቸ ነው። ትከሻው፣ ደረቱ፣ አንገቱ ነው የሚሠራው። ወንበር ላይ ተቀምጦም ይወረዳል። ጉልበቱን ሪህ የያዘው አባት ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ በሁለት እጁ ተደግፎ፣ ትከሻውን ብቻ ሲያንቀሳቅስ እዩት። ወጣት ዘሎ የማያመጣው ነገር አለው። ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ስለዚህ ዓይናችሁ እያንዳንዷን ያያል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ከባድ ነው።

በቀይ ሽብር ጊዜ ጎንደር ላይ የደረሰውን ለዚህ አዳራሽ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። የጎንደር እናት የልጇን ነፍስ ለማትረፍ የለመነችባትን ያቺን ስንኝ የማያውቅ እዚህ የለም። እኛ ስለዚያ ዘመን ማንንም አልጠየቅንም። ግን የዚያ ትውልድ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያወሩ መምጣቱ አይቀርም፤ መጣ። አንዲት እናት «አላወራውም» አሉ። «አያውሩት» አልናቸው። ትንሽ ቆይተው «ላሳያችሁ» አሉና ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ነጠላ ለበዓል ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ለሐዘን ይገለበጣል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ፊት ይመጣል። እኚህ እናት ነጠላቸውን ዘርግተው ያዙ። በጣም በዝግታ አገላበጡት። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ተከናነቡ። «ይህን ያዞርኩበት ቀን አለ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ይህ የትርዒቱ መሐል ሆነ። መድረኩ ላይ የወጡት ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን በአንድ ጊዜ ያዞራሉ። ሙዚቃ የለም፤ ጨርቁ ሲላወስ ይሰማል። መልሰው ስለሚያዞሩበት ሰዓት ብዙ ተከራከርን። እኔ እሱም አንድ ላይ ይሁን ባይ ነበርኩ፤ ለዓይን ያምራል። እናቶቹ እንቢ አሉ። «ሐዘን በአንድ ቀን አይወጣም፤ ሁሉም በየራሱ ቀን ነው» አሉኝ። ስለዚህ እያንዳንዷ በፈለገችበት ሰዓት ታዞራለች፤ ጭፈራው እየቀጠለ። አንዷ እስከ መጨረሻው አታዞርም። የትኛዋ እንደምትሆን በየጊዜው ይለያያል፤ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከዚህ የመጣ አንድ ደንብ አለን። ማንም ያልፈለገውን እንዲያወራ አይጠየቅም። ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር ባለቤቱ ካልፈቀደ መድረክ ላይ አይወጣም። ከፈቀዱም በኋላ ሐሳብ መቀየር ይቻላል። ከአረጋውያን ጋር ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ።

ስለ መርሳት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ቃለ ተውኔቱ ቢጠፋባቸውስ?» ይሉኛል። መልሱን ያገኘነው ከአዝማሪ ነው። አዝማሪ ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ግጥም የመጣለት ታዳሚ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍናል፣ ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል። እኛም መድረኩ ጥግ ላይ ማሲንቆ የሚመታ ልጅ አስቀመጥን። ቃል የጠፋባቸው እናት ወይም አባት ዝም ብለው ወደሱ ያያሉ። ያኔ ከጎን ያለው ሰው «ተቀበል!» ይልና የጠፋውን ያቀብላል፤ ማሲንቆው ያዜመዋል። ባለ ተራው ከዚያ ይቀጥላሉ። መርሳቱ የትርዒቱ ክፍል ሆነ። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሳይረሱ የረሱ እየመሰሉ ግጥም ማስጨመር ጀምረዋል።

ሌላው የሚጠበቅብን ነገር ትዝታ ነው። «የድሮ ጎንደርን አሳዩን፤ የጥንቱን ሠርግ፣ የጥንቱን ጥምቀት አሳዩን» ይሉናል። እሱም አለ፤ ደስ ይላል። ግን የእኛ ሰዎች ስለ ዛሬም የሚሉት አላቸው። የጡረታ ገንዘብ ለመቀበል ስለሚቆሙበት ሰልፍ ይናገራሉ። በየዓመቱ ስለሚጨምረው የቤት ኪራይ ይናገራሉ። በጣም የወደዱት ትዕይንት ደግሞ የስልክ ነው። ልጅ አረብ አገር ናት፤ በቪዲዮ ትደውላለች። አባት ስልኩን እንደ ድሮው ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። ልጅቷ የምታየው ጆሮ ብቻ ነው። «አባዬ፣ ፊትህን አሳየኝ!» ትላለች። «እየሰማሁሽ ነው!» ይላሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እናት ስልኩን ይቀማሉ፤ አሁን ደግሞ ጣሪያው ይታያል። ተመልካች በሳቅ ይሞታል፤ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ ልጁን በስልክ ብቻ የሚያየው ወላጅ ብዙ ነው።

ይህ ሥራ በሌላውም ዓለም አለ፤ ባጭሩ ልጥቀስ። ለንደን ውስጥ ሳድለርስ ዌልስ የሚባለው የዳንስ ቤት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች የሚደንሱበትን ቡድን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ጀርመናዊቷ የዳንስ ባለሙያ ፒና ባውሽ እ.ኤ.አ. በ1978 የሠራችውን አንድ ሥራ በ2000 ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ተራ የከተማዋ ነዋሪዎች ሰጥታ አሠርታዋለች። ጃፓን ውስጥ አዘጋጁ ዩኪዮ ኒናጋዋ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ብቻ የያዘ የቴአትር ቡድን መሥርቶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ መድረኮች ናቸው። እኛ ያለን የእድር አዳራሽና የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ግን የያዝነው ሥራ አንድ ነው።

ለጤናም ይጠቅማል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከታዩት የሰውነት እንቅስቃሴዎች መካከል የመርሳት በሽታ ከማነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። ይህ ማለት ዳንስ በሽታውን ይከላከላል ተብሎ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነ ሰው ይሆናል የሚደንሰው። ስለዚህ እኔ «ኑ፣ መድኃኒት ነው» ብዬ ማንንም አልጠራም። የማየው ሌላ ነው። ከቤት የማይወጡ የነበሩ ሰዎች ልምምድ ባለበት ቀን ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጠላቸውን አጥበው ይመጣሉ። ይቺ ትበቃኛለች።

አሁን ወደ ተግባሩ። የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው።

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። አዳራሹ ሩቅ ከሆነ ሰው አይመጣም፤ የባጃጅ ሒሳብ የሚችል ልጅ ከሌላቸው ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ቦታው በእግር የሚደረስበት ይሁን። አንድ ጊዜ ጥሩ አዳራሽ ተሰጠን፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ትተነው መጣን። ወለሉ የማያንሸራትት፣ ወንበሩ የማይወዛወዝ መሆን አለበት። የትልቅ ሰው ውድቀት እንደ ልጅ ውድቀት አይደለም፤ የተሰበረ ዳሌ አልጋ ላይ ያስቀራል። ደም ግፊትና ስኳር ያለበትን ሰው ቀድመን እናውቃለን፤ ሐኪም ያላማከረ ሰው ቆሞ አይጨፍርም።

ሰዓቱንም እንደ ሕይወታቸው አድርጉት። ሁዳዴ ሲገባ ጭፈራው ይቆማል፤ ወሬውና ግጥሙ ይቀጥላል። በረመዳንም እንዲሁ ለጾመኞቹ ይቀላል። አርብ የጁምአ ሰዓት አይነካም። የእድርና የማኅበር ቀን አይነካም። ለቅሶ ካለ ደግሞ ልምምድ የለም፤ ሁላችንም እዚያው ነን። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያይ አዘጋጅ ከኛ ሰው ጋር መሥራት አይችልም።

ቡናም አይቀርም። አቦሉ ሲቀዳ የሳምንቱ ወሬ ይወራል። በቶናው እንሠራለን። በረካው ላይ የሠራነውን እንገመግማለን፤ ቁርጥ ያለው አስተያየት የሚመጣው ሁልጊዜ በበረካ ነው።

ከወጣቶች የምንፈልገውን ልናገርና ላብቃ። እስክስታ እንድታስተምሯቸው አይደለም። ወንበር የሚያመጣና የሚመልስ ያስፈልገናል። ዳገቱን ክንዳቸውን ይዞ የሚያወጣ ያስፈልገናል። የሚናገሩትን በትክክል የሚጽፍ፣ ሲጽፍም ቃላቸውን የማይቀይር ያስፈልገናል። ስልካችሁን ግን ልምምድ ላይ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ሲበቃቸውና ሲፈቅዱ ይቀረጻሉ።

ትርዒቱ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ስለሚበዛ አዘቦት ቀን ይሆናል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀመራል፣ ሁሉም ሳይመሽ ቤቱ እንዲገባ። መግቢያው በነጻ ነው። ያለን ማሲንቆ መቺ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሠርግ ሲይዝ ይቀርብናል። ሁለተኛ የሚሆን የምታውቁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አገናኙኝ።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ በኩል ያሉት እናት ቀድመው እጃቸውን አንስተዋል፤ እባካችሁ ማይኩን አድርሱላቸው።